የፈረስ ጌጥ በካሚዮን አፍንጫ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ዳንኤል በመኪናው አዳማ ገበያ አደረሰኝ። ማር ተራ ገብቼ ስዞር አንዲት ሴትዮ ማሯን አጥልላ ስትጨርስ የቀረውን ሰፈፍ ልትጥለው ነው፤ ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ እግሬ አልሄድም አለኝ፣ «እሱን ለእኔ ስጪኝ» አልኳት፣ እሷም ሰማንያ ዓመት የተጠጋች አሮጊት ሰፈፍ ምን ያደርግላታል ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ከላይ እስከ ታች አይታኝ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ወደ መኪናው ስመለስ ዳንኤል ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በንዴት ቆሟል። ዞር ሲል አንዱ እጀ ፈጣን የመኪናዋን የፊት ዓርማ ነቅሎ ሄዶ፣ በቦታው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

መንገዱን ሁሉ ሲያማርር መጣ። ምትኩ ዋጋው አይቀመስም፣ ለዚያውም ተመልሶ ይሰረቃል፤ ጓደኛው የራሱን ዓርማ ላሠራ ብሎ አዲስ አበባ ቢጠይቅ ደግሞ ከመቶ ፍሬ በታች አንሠራም ብለው መልሰውታል። «መቶ!» አለ ዳንኤል መሪውን በእጁ እየመታ፣ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። «ምን ያስቅዎታል፣ እትዬ?» አለኝ፤ ይህንኑ ቃል በዚሁ ቁጣ፣ ልጅ ሳለሁ፣ እቤታችን ደጃፍ ላይ የጮኸ ሌላ ሰው ትዝ ብሎኝ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳይ ጣቶቼ እኔን ሳያማክሩ ሰፈፉን አሙቀው፣ አሹለው፣ ወደፊት ያዘነበለች አንዲት የፈረስ ጆሮ ሠርተዋል።

ቤታችን ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ አንድ ትልቅ ግራር ሥር ነበር። ያኔ አዳማ ከጣቢያው፣ ከጥቂት የዓረብና የግሪክ ሱቆች፣ ከተበታተኑ የሣር ቤቶችና ከንፋሷ በቀር ብዙም የምታሳየው አልነበራትም፤ ንፋሷ ግን ዛሬም ያው ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከኮረብታው ወርዶ አቧራውን እያሽከረከረ፣ የሴቱን ነጠላ እየነጠቀ፣ ከባቡር የወረደውን እንግዳ ባርኔጣ ሐዲዱ ላይ እያንከባለለ ይመጣል፣ እኛ ልጆችም ባርኔጣውን ለመያዝ እንሽቀዳደማለን፣ ለያዘው ከረሜላ ባይገኝ እንኳ ምርቃት አይጠፋም። እኔ ከዚያ የተሻለ አገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አባቴ ተሰማ የፈረስና የበቅሎ ጌጥ ሠሪ ነበር። የግንባር ጌጥ፣ የደረት ጌጥ፣ የልጓም ቁልፍ፣ በቅሎዋ ስትራመድ የሚንሿሿ ቃጭል፣ ሁሉንም ከናስ እያቀለጠ ይሠራል፤ ናሱን ደግሞ የሚያገኘው ከተተኮሰ ጥይት ቀለህ ስለነበር፣ ሠርግ ተጠርተን ስንሄድ እናቴ ስለ ድግሱ ስትጠይቅ እሱ ስለ ተኳሾቹ ይጠይቃል፣ እኔም የሠርግ ቀሚሴን ሰብስቤ በሰው እግር ስር እየተሽሎከሎኩ ቀለህ እለቅማለሁ። ባላገሩ ብረት የሚያቀልጥ ሰው ዓይኑ ይበላል ብሎ ስለሚያምን ጌጡን እየወደደ ሠሪውን ይፈራ ነበር። አባቴ ለዚህ ለምዶ ስለነበር፣ ደንበኛው ልጁን ከነጠላ ሥር ሲደብቅ ካየ ሆን ብሎ ወደ ሰማይ እያየ ያነጋግረዋል፤ እናቴ አስካለ ግን አልለመደችውም፣ «ይህ ሰው ዓይኑ የሚበላ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እኔን በልቶ ከምላሴ ያርፍ ነበር» እያለች ደጃፍ ላይ ትስቅባቸዋለች።

ከዚያ ካሚዮን መጣ። መጀመሪያ አንድ ነበር፣ ልጆች ሁላችን አቧራውን እየዋጥን ከጣቢያው እስከ ወፍጮ ቤቱ የተከተልነው፤ ቀጥሎ ሌሎች መጡ፣ እኛም ከመከተል ዳር ቆመን እጅ ወደ ማወዛወዝ ዝቅ አልን። አንዱ ካሚዮን የአንድ ሲራራ ነጋዴን ሙሉ ጭነት በአንድ ቀን ከአርሲ አውርዶ ጣቢያው ላይ ይዘረግፈው ጀመር። በቅሎዎቹ ከሚያርፉበት ሜዳ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ቃጭል እየሳሳ ሄደ፣ አባቴም ወናፉ ላይ ተደግፎ መንገድ ማየት አበዛ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እስከ ፋሲካ እናያለን፤ ካልሆነ መንዝ ወንድሜ ዘንድ ገብተን እናርሳለን» አለ። መንዝን አላውቃትም፣ ብርዷ እንደሚያንቀጠቅጥና ባቡር እንደሌለባት ብቻ ሰምቻለሁ፣ ያም ይበቃኝ ነበር። «ባቡር የሌለበት አገር ሰው ሰዓቱን በምን ያውቃል?» ብዬ እናቴን ብጠይቃት «በረሃብ» አለችኝ። እኔ ሄጄ ከግራሩ ጀርባ አለቀስኩ።

እንግዲህ «መቶ!» ብለው የጮኹት ሰው የመጡት በዚህ መሐል ነው። ሐጂ ከድር የአርሲ ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ነጭ፣ እህልና ቆዳ የሚነግዱ፣ ነገር ግን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን የተከበረ ሰው በፈረሱ ስም ስለሚጠራ፣ እሳቸውም በጥቁሩ ፈረሳቸው በጉራቻ ስም አባ ጉራቻ ነበሩ። ጉራቻ ባለፈው ክረምት ሞቶባቸው ነበር። ከእሱ በኋላ ሌላ ፈረስ ላይ አልወጣም ብለው ከማሉ ወዲህ ሦስት አሮጌ ካሚዮኖች በባቡር ከጅቡቲ አስመጡ፤ ካሚዮኖቹ ሲወርዱ ግን ከፊታቸው ላይ የነበረው ዓርማ ተነቅሎ፣ ማን እንደነቀለው አላህ ይወቅ፣ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። የመቂ ገበያተኛ ፊደል አይቆጥርም፣ ካሚዮን ሁሉ ደግሞ አቧራ ሲለብስ አንድ መልክ ነው፤ ስለዚህ የሐጂ ነው እየተባለ እህሉ በሌላ ሰው ካሚዮን ላይ ይጫን፣ የሐጂ ደንበኛም ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር።

ሐጂ ለሦስቱም የጉራቻን ምስል ማድረግ አማራቸው። ከአውሮፓ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ የጣቢያው ነጋዴ ዘንድ ሄደው ጠይቀው ሲመለሱ ነው እንግዲህ፣ አባቴ ዘንድ የቀረ የልጓም ቁልፍ ሊወስዱ ጎራ ብለው፣ ደጃፋችን ላይ ቆመው ከዘራቸውን ምድር ላይ የመቱት።

«መቶ! ከመቶ በታች ፋብሪካው አይሠራም ይለኛል። ሦስት ካሚዮን ነው ያለኝ፤ ዘጠና ሰባቱን ፈረስ ምን ላበላው ነው?»

አባቴ ወናፉን ለቀቀ። «ሦስት ብቻ ነው የሚፈልጉት?»

«ሦስት።»

«ሦስት እኔ እሠራለሁ» አለ፣ እናቴም ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው፣ ምክንያቱም ለካሚዮን እንኳን ጌጥ ሊሠራ፣ ካሚዮን ሲያልፍ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር።

ነገሩ ግን ለማለት እንጂ ለማድረግ ቀላል አልሆነም፣ ዕቃው እንዳይወደድ ደግሞ ሐጂ አደራ ብለዋል። መጀመሪያ አባቴ ከባዶ የላምባ ቆርቆሮ ላይ የፈረስ ራስ በመቀስ ቆርጦ ሰጠ፤ ካሚዮኑ ሲፈጥን ቆርቆሮው በንፋስ እየተርገበገበ እንደ አራስ ልጅ ይጮህ ጀመር፣ ከሞጆ እስከ አዳማ ያለ ውሻ ሁሉ ተከትሎት ገባ። ቀጥሎ ከዋንዛ ቀርጾ በዘይት ወልውሎ አሠረው፤ የቆላው ፀሐይ በሳምንቱ ፈረሱን ከግንባሩ እስከ አገጩ ሰነጠቀው። ናስ በመዶሻ ጠፍጥፎ ለመሥራት ደግሞ ሰፊ ዝርግ ናስ ያስፈልጋል፣ በቤታችን ውስጥ ያለው ዝርግ ናስ የእናቴ የጥሎሽ ትሪ ብቻ ነበር። አባቴ ትሪውን ሁለቴ ዞር ብሎ ሲያየው እናቴ አንስታ ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት፣ «እሱን ከነካህ መንዝ ብቻህን ትሄዳታለህ» አለች፣ እስከ ማታም አልተነሳችም።

የቀረው የራሱ የድሮ ሙያ ነበር። ሰፈፍ ከጠጅ ቤት በነጻ ይመጣል፣ ይቀልጣል፣ ይጠራል፣ ሰም ይሆናል፤ ሰሙ ላይ ፈረሱ ይቀረጻል፤ በላዩ በፋንድያ የተለወሰ ጭቃ ይለበጣል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ እሳት ላይ ሲሞቅ ሰሙ በቀዳዳው ፈስሶ ይወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ናስ ይገባል፣ ጭቃው ሲሰበር ፈረሱ ይወለዳል። ሰሙ ሲፈስ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ነው እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ማር ተራ ላይ እግሬን የያዘው። አባቴ ከእሳቱ በቀር ሁሉም ሰው የጣለው ነው ይል ነበር፤ ሰሙ የጠጅ ቤት ትራፊ፣ ጭቃው የወንዝ፣ ናሱ የሰው ሠርግ፣ ፋንድያው የበቅሎዎቹ። ፋንድያ ለቃሚዋ እኔ ነበርኩ። እናቴ ባዶውን ሜዳ እያየች «አይ ካሚዮን! ጌጥ ይፈልጋል እንጂ ለጌጡ የሚሆን ፋንድያ እንኳ አይጥልም» ስትል አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ሲል አየሁት።

ክርክሩ የመጣው ጌጡ የት ይሁን ሲባል ነው። ሐጂና አባቴ፣ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ከፈረስ ጋር የኖሩ ሰዎች፣ ካሚዮኑ ፊት ቆመው ሲመረምሩ እኔ ከመሐላቸው ነበርኩ። ሁለቱ መብራቶች ዓይን እንደሆኑ አላከራከረም። በዓይንና በዓይን መሐል ያለው ደግሞ የፈረስ ግንባር ነው፤ የግንባር ጌጥ የሚውለው እዚያ ነው፤ የተከበረ ፈረስ የግንባር ጌጥ ደግሞ ትንሽ አይሆንም። ሾፌሩ ዓሊ፣ ከድሬዳዋ የመጣ መሪ መያዝ እንጂ የሞተሩን ሆድ የማያውቅ መልከ መልካም ጎረምሳ፣ ባለ ጌጥ ካሚዮን መንዳቱን እያሰበ በሁሉም ነገር ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ አባቴ የመጀመሪያውን የጋሻ ያህል አድርጎ አወጣው፤ በመሐሉ የጉራቻ ራስ፣ ዙሪያውን ሐረግ፣ ከታች የተንጠለጠለ ቃጭልና ቀይ ክር። ካሚዮኑ ፊት ላይ ሲታሰር ጣቢያው ሁሉ ወጥቶ አየ። ሐጂ የጥምጥማቸውን ጫፍ ይዘው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ አባቴም መንዝን የረሳ መሰለኝ።

በማግስቱ ካሚዮኑ እየተንሿሿ ለመቂ ገበያ ወጣ። ሲመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፣ ፊቱ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል፣ የፈላ አጓት ይሸታል። ከሞጆ አለፍ ብሎ የሞተሩ ውሃ እየፈላ እንደ ጀበና ሲተፋ፣ ዓሊ የነበረውን ውሃ ሁሉ አፍስሶ ሲያልቅበት የተሳፋሪዎቹን ቅል ለምኖ፣ በመጨረሻም አንዲት ሴትዮ ለገበያ የያዘችውን አጓት ጨምሮበት ነበር። ያን ያህል ጊዜ ሲመላለስ ፈልቶ የማያውቅ ካሚዮን፣ የአንጥረኛው ጌጥ በታሠረበት ቀን! ወሬው ከካሚዮኑ ቀድሞ አዳማ ገባ። ቀጥቃጩ በዓይኑ በላው ተባለ፤ ደጃፋችን ላይ የሚያልፍ ሰው መንገዱን አጥሩ ድረስ ማስፋት ጀመረ፣ አብራኝ ባርኔጣ የምታባርረው ጓደኛዬም እናቷ ከለከለቻት።

ሐጂ በሦስተኛው ቀን መጡ። ጌጡን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውታል። «ተሰማ፣ እኔ አላምንም» አሉ፣ «ጫኚው ግን ያምናል። ጫኚ ከሌለ እኔም የለሁም፣ አንተም የለህም።» አባቴ «እኔ ራሴ አብሬ ልሂድ፣ ዓይኔ እያየ ይፍላ» አለ። እናቴ ወዲያው እኔን ጸጉሬን አበጥራ አወጣችኝ፤ ሰው የገዛ ልጁን ካሚዮን ላይ ጭኖ ክፉ አይሠራም፣ ይህን ገበያተኛው ሁሉ ይረዳዋል ስትል ሐጂ ወደ እሷ በአክብሮት ጎንበስ አሉ።

ያን ጉዞ ምን ብዬ ላውራው። ሐጂ ከዓሊ ጎን ተቀመጡ፣ አባቴና እኔ ከኋላ ወጣን። ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ፣ ንፋሱ አፌ ውስጥ እየገባ፣ ግራሮቹ ወደኋላ እየሮጡ ሄድን፤ ዛሬ ዓለም ጤና የምንላትን ቦታ ስናልፍ አጋዘን አየሁ፣ ለመጮህ አፌን ከፍቼ፣ የአባቴን ፊት ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ስንሄድ ጌጡ አልታሠረም ነበርና ካሚዮኑ አንድም ጊዜ ሳይፈላ መቂ ገባ። ለእኛ ከዚህ የከፋ ነገር አልነበረም። «አያችሁ? ሲወልቅለት ዳነ!» አሉ ገበያተኞቹ፣ አባቴም በሰው መሐል ወደ ሰማይ እያየ ቆመ።

ስንመለስ ጌጡን እሰሩት አለ። ሲታሠር ከተሳፋሪው የሚበዛው ወርዶ በእግሩ ልሂድ አለ፣ እኛም ለእነሱ ብለን ቀስ እያልን ቀደምን። አባቴ ከፊት ጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ ላይ ወጥቶ መብራቱን አቅፎ ተቀመጠ፣ ቀኝ እጁን ከጌጡ ጀርባ አስገባ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ያ ነጭ እንፋሎት መጣ። ዓሊ አቁሞ «ያ አላህ» አለ፣ ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባቴ ግን አልወረደም። ጌጡን ፈትታችሁ ስጡኝ አለ፣ እስኪበርድ ጠብቀው ውሃ ጨመሩ፣ ጌጡን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደገና ንዳ አለው፣ እጁን እዚያው ቦታ ላይ እንደዘረጋ፤ ወዲያው የሳቁን ድምፅ ሰማሁ፣ ከክረምት ጀምሮ ያልሰማሁትን፣ ትከሻውን የሚያናውጠውን ሳቅ።

«ሐጂ! ግንባሩ አይደለም! አፍንጫው ነው! እኔ ወናፍ ስነፋ የኖርኩ ሰው ንፋስ መግቢያውን ደፈንኩት!»

ሐጂ ወርደው የካሚዮኑን ፊት፣ ያን ማበጠሪያ የሚመስለውን፣ ንፋስ ገብቶ ውሃውን የሚያበርድበትን ብረት፣ መጀመሪያ እንደሚያዩት ሁሉ አዩት። ቀጥለው አባቴን አዩት። ከዚያ ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ፣ «ፈርዳ! የትኛው ፈረስ ነው አፍንጫው ተደፍኖ የሚሮጥ!» እያሉ። በእግር የመጡት ሰዎች ሲደርሱ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየሳቁ፣ ዓሊ እየሳቀ፣ እኔ ጆንያ ላይ እየዘለልኩ ነበር። ማንም በቃል አላመነም። ስለዚህ ጌጡ ተመልሶ ታሠረና ዓሊ ካሚዮኑን በዚያ ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲነዳ፣ ገበያተኛው ሁሉ ተራ በተራ ፓራፋንጎው ላይ እየወጣ አንዴ እጁን ከጌጡ ውጪ፣ አንዴ ከጌጡ ጀርባ እያደረገ ንፋሱን ለካ፤ ለካሁ ያለ ሁሉ እየሳቀ ይወርዳል፣ ሳይለካ የቀረ ሁሉ ተራዬ አለፈ ብሎ ይጣላል። አጓቷ የፈሰሰባት ሴትዮ እንኳ ወጣች፣ ወርዳም «ዓይኑ አልበላም፣ ናሱ ነው የበላው» ብላ ፈረደች። አዳማ የገባነው በዘፈን ነው።

አባቴ ያን ጋሻ የሚያህል ጌጥ ያለ ሐዘን አቀለጠው። ከአንዱ ናስ ሦስት ወጣ፤ ሐረጉ ቀረ፣ ዝርጉ ቀረ፣ ከፈረሱ ራስና ከቀጭን ቀለበት በቀር ሁሉም ክፍት ሆነ። ሦስቱ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ የጉራቻን ራስ በዋንዛ ጣውላ ላይ ወደ ውስጥ ቦርቡሮ ቀረጸ፣ እሱ ላይ የሞቀ ሰም ተጭኖ ሲወጣ በየጊዜው ያው ፈረስ ይሆናል፤ መቶ ያለው ፋብሪካ ይህን ጣውላ ቢያይ ምን ይል ነበር እያልን እናቴና እኔ እንቀልዳለን። ሰሙን የማሞቀው እኔ ነበርኩ፣ የልጅ እጅ ይሞቃል ተብዬ። የመጀመሪያው ሲወጣ አንድ ጆሮው ጣውላው ውስጥ ቀረ። አባቴ ናስ እያየ ስለነበር እኔው በጣቴ ሠርቼ ለጠፍኩበት፣ ግን ቀጥ አላለልኝም፣ ወደፊት አዘነበለ። አባቴ አይቶ ሊያቃናው ሲል ሐጂ ከበር ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ተው! አትንካው።» ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ። «ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እኔ ስጠራው። ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም፣ ሰሙ ነው እንቢ ያለኝ፤ ይህን ልላቸው ብዬ ፊታቸውን ሳይ ለሁለተኛው ፈረስ ሰም ማሞቅ ጀመርኩ። ሦስቱም ፈረሶች ጆሯቸው ወደፊት ያዘነበለ ሆኖ ተሠራ፣ ሦስቱንም ጆሮ እኔ ሠራሁ።

ካሚዮኖቹ ተከታትለው መቂ ሲገቡ ሕጻናቱ ከሩቅ «ጉራቻ መጣ! ጉራቻ መጣ!» ይሉ ጀመር፣ ከዚያ ወዲያ በማንም ካሚዮን ላይ የተሳሳተ ጭነት አልተጫነም። ሌሎቹም ባለ ካሚዮኖች አላስቻላቸውም። አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ግመል፣ አንዱ ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ሳምንት ተመላልሶ በመጨረሻ አውራ ዶሮ አሠራ፤ ሁሉም አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለሚፈልግ ከአባቴ በቀር መሄጃ አልነበረውም። አባቴ ለሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ ንፋስ ይግባበት። ጌጡ ትልቅ ይሁንልኝ ብሎ ለሚከራከረው፣ ዝርግ ይሁንልኝ ለሚለው፣ ይህችኑ እየደጋገመ ይመልሳል፣ እናቴም የኋላ ኋላ እኔ ሳኮርፍና በር ስዘጋ «ንፋስ ይግባበት» እያለች ትከፍተው ነበር። ፋሲካ መጣ፣ ፋሲካ አለፈ፣ መንዝን ግን ማንም አላነሳትም። እኔም ላስታውሳቸው አልፈለግኩም።

ከዚያ ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይቆይ ጦርነቱ መጣና ካሚዮኖቹን ጠራርጎ ወሰዳቸው፤ ወዴት እንደሄዱ ያወቀ የለም። ሐጂ አገራቸው ገብተው እዚያው አረፉ። ዓሊን ድሬዳዋ ያየ አለ ይባል ነበር። የዋንዛውን ጣውላ ቤታችን በተቃጠለ ጊዜ አጣነው፣ የእናቴ ትሪ ግን ተረፈ፣ እስከ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ከጦርነቱ በኋላ አድጌ፣ ከአባቴ ጋር መቂ ገበያ ወርደን ሳለ፣ አንድ ገበሬ በአንዲት ቀይ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ አባቴ ክንዴን ጨበጠኝ። ከፈረሷ ግንባር ላይ፣ ልክ በሁለቱ ዓይኖቿ መሐል፣ ጆሮው ወደፊት ያዘነበለ የናስ ጉራቻ ነበር። ገበሬው ከየት እንዳገኘው ብንጠይቀው መንገድ ዳር ወድቆ አለን፤ አባቴ ሽጥልኝ አላለውም፣ የፈረሷን ግንባር ዳበስ አድርጎ «አሁን ገና ቦታውን አገኘ» አለና እየሳቀ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት አረፈ። ሲስቅ ሳስታውሰው የማስታውሰው ያንን ቀንና የፓራፋንጎውን ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ለዳንኤል ስነግረው መኪናዋን የድሮው ጣቢያ አጠገብ አቁሞ ነበር። በቅሎዎቹ የሚያርፉበት ሜዳ የነበረበትን ባሳየው ፎቅ ነው፣ ግራሩ የነበረበትን ባሳየው ነዳጅ ማደያ ነው፤ ስለ አባቴ የሚነግር ሰው ብፈልግ ከእኔ በቀር የለም፣ ከእኔም የቀረው ጣቶቼ ናቸው። ልጁ ንዴቱ ጠፍቶ «እስቲ ይለጥፉልኝ» አለኝ፣ እኔም ወርጄ ያቺን የሰፈፍ ጆሮ ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ፣ ከሁለቱ ቀዳዳዎች በላይ ለጠፍኳት። እየሳቅን ሄድን። ሰፈራችን ስንደርስ ግን የአዳማ ፀሐይ የራሱን ሠርቷል፣ ጆሮዋ ቀልጣ በመኪናዋ ፊት ላይ ቢጫ መስመር ሆና ወርዳለች፣ ሽታዋ ብቻ ቀርቷል። ዳንኤል ጨርቅ አውጥቶ ቀዳዳዎቹን ሊጠርግ፣ ነገም የሆነ ነገር ገዝቶ ሊደፍናቸው እንደሆነ ነገረኝ።

«ተዋቸው» አልኩት። «ንፋስ ይግባባቸው።»